ልጄ የዋሸበትን ምክንያት ለመረዳት ምን ላንብብ?

የሁለት ልጆች እናት (ደብረ ብርሃን)፣ መስከረም 14

የተከበራችሁ የመድረኩ አባላት፣ እንኳን ከዘመን ወደ ዘመን አሸጋገራችሁ። ልጆችን ስለማሳደግና ስለመረዳት ከተጻፉ መጻሕፍት ውስጥ እናንተን በእርግጥ የጠቀማችሁን እንድትጠቁሙኝ እለምናለሁ። ምክንያቱን ሳልናገር ብጠይቅ የመጻሕፍት ስም ብቻ ተዘርዝሮልኝ ችግሬ ባለበት እንዳይቀር ስለምሰጋ፣ አስቀድሜ የሆነውን ልንገራችሁ።

የ8 ዓመት ወንድ ልጄ ክረምቱን መንዝ ውስጥ ከአያቶቹ ዘንድ ከረመ። እንደ አካባቢው ልጆች ዝተት ደርቦ፣ ቆሎውን ቋጥሮ በግ ሲጠብቅ ሰነበተ፤ በነሐሴ አጋማሽ ግን አንዲት ግልገል ጠፋች። አባቴ «የት ነበርክ?» ብለው ሲጠይቁት መጀመሪያ «እዚያው ነበርኩ» አለ። «እዚያው ከነበርክማ ቀበሮ ሲወስዳት እንዴት አላየህም? የት ነበርክ?» ብለው ሲደግሙበት ደግሞ «አልነበርኩም፤ ውሃ ልጠጣ ሄጄ ነበር» አለ። አባቴ የተቆጡት በግልገሏ መጥፋት ሳይሆን በቃሉ መለዋወጥ ነው፤ «ውሸታም» ብለው ገረፉት። ልጁ ከተመለሰ ወዲህ ስለ ክረምቱ ማውራት አይፈልግም። እኔም በጠየቅሁት ቁጥር ሌላ ታሪክ ይነግረኛል፣ ወይም አንገቱን ደፍቶ ዝም ይላል።

ግራ ቢገባኝ ከመንገድ ዳር መጽሐፍ ሻጭ ሁለት መጻሕፍት ገዛሁ። ሁለቱም «ልጅዎን እንዲህ ያድርጉ፣ እንዲህ አያድርጉ» በሚል ትእዛዝ የተሞሉ ናቸው፤ ልጁ ራሱ ነገሩን እንዴት እንደሚያየው የሚገልጽ አንድ ገጽ እንኳ አጣሁባቸው። የምፈልገው በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ እንዴት እንደሚያስብ የሚያስረዳኝን መጽሐፍ ነው፤ ከተገኘም ከልጄ ጋር ጎን ለጎን ተቀምጠን የምናነበውንና ጨዋታ የሚያስጀምረንን። እንግሊዝኛም ቀስ ብዬ አነባለሁ።

የአጸደ ሕፃናት መምህርት (ደብረ ብርሃን)፣ መስከረም 14

እኅቴ፣ ሁለቱን መጻሕፍት አስቀምጪያቸውና ከሃይም ጊኖት ጀምሪ። ጊኖት አስቀድሞ መምህር የነበረ የሕፃናት ሥነ ልቦና ባለሙያ ሲሆን፣ በወላጅና በልጅ መካከል ስላለው ንግግር የጻፈው መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1965 ታተመ። ከእርሱ ዘንድ የወላጆች ሥልጠና የተከታተሉት ሁለት እናቶች፣ አዴል ፌበርና ኢሌን ማዝሊሽ፣ የተማሩትን በየቤታቸው ሞክረው እ.ኤ.አ. በ1980 ልጆች እንዲሰሙን እንዴት እንናገር፣ እኛስ እንዴት እንስማቸው የሚል መጽሐፍ አወጡ። ይህ ሁለተኛው በሥዕልና በአጫጭር ንግግሮች የተሞላ ስለሆነ እንግሊዝኛው አያስቸግርሽም። የሁለቱም መጻሕፍት ዋና ሐሳብ፣ ልጅ ስሜቱ እንደታወቀለት ሳያይ ምክርም ሆነ ተግሣጽ ወደ ልቡ አይገባም የሚል ነው።

ነገር ግን ከሁለት ዓመት ሙከራ በኋላ ያየሁትን ችግር ልንገርሽ። በመጽሐፉ ውስጥ ያሉትን ንግግሮች ቃል በቃል ወደ አማርኛ መልሼ ለልጆች ስናገር ልጆቹ እንግዳ ሰው የሚያናግራቸው ይመስል ፈዝዘው ያዩኝ ነበር። «ስሜትህ እንደተጎዳ ይገባኛል» የሚል ሰው በሰፈራችን የለምና። ኋላ ላይ መጽሐፉን ዘግቼ እናቴ ትናገራቸው የነበሩትን ቃላት ማስታወስ ጀመርኩ። «ሆድ ባሰህ?» «ቅር አለህ?» «ደነገጥክ እንዴ?» «አፈርክ?» «ከፋህ?» እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ትርጉም አላቸው። ሆድ የባሰው ልጅ የሚፈልገው መታቀፍ ነው፤ ቅር ያለው ልጅ ፍትሕ ይፈልጋል፤ ያኮረፈ ልጅ ደግሞ ሄዶ የሚያባብለው ሰው ይጠብቃል። ኩርፊያን እኛ ጥፋት አድርገን እንቆጥረዋለን፤ እኔ ግን ልጁ «ፈልጉኝ» የሚልበት መንገዱ እንደሆነ ካወቅሁ ወዲህ ያኮረፈውን ልጅ ሳልጠራው አጠገቡ ሄጄ እቀመጣለሁ።

ስለዚህ ልጅሽን ስለ ግልገሏ ከመጠየቅሽ በፊት «በጣም ደንግጠህ ነበር» ብለሽ ተናግረሽ ዝም ማለትን ሞክሪ። ጥያቄ አድርገሽ ሳይሆን እንዲሁ ተናግረሽ።

የሦስት ልጆች አባት (መሐል ሜዳ)፣ መስከረም 15

እኔ ስለ ስሜት የሚያወሩትን ብዙ አላነበብኩም፤ የልጅ አስተሳሰብ ከእኛ የተለየ መሆኑን ያሳየኝ ግን የስዊዘርላንዱ ዣን ፒያዤ ሥራ ነው። የራሱ ጽሑፍ ከባድ ነው፤ እኔ ያገኘሁት በኮሌጅ ሳለሁ በተሰጠን ማስተማሪያ ጽሑፍ ውስጥ ነው። ፒያዤ እ.ኤ.አ. ከ1896 እስከ 1980 የኖረ ሲሆን፣ ልጅ ያነሰ አዋቂ አይደለም፤ የራሱ አመክንዮ አለው ብሎ ዕድሜውን ሙሉ ያሳየ ሰው ነው።

በቤታችን የሆነውን ልንገራችሁ። የ9 እና የ5 ዓመት ወንዶች ልጆቼ ማታ ማታ በወተት ይጣሉ ነበር። ትንሹ ለእርሱ የተቀዳለትን ሰፊ ኩባያ አይቶ፣ ከዚያ የወንድሙን ረዥም ብርጭቆ አይቶ «ለእርሱ በዛለት» እያለ ያለቅሳል። እናታቸው በዐይኑ ፊት በአንድ መስፈሪያ እየሰፈረች ብትቀዳም አይቀበልም፤ እኔም ስስታም ነው ብዬ ደምድሜ ስንት ቀን ሳይጠጣ እንዲተኛ አድርጌዋለሁ። በኋላ የፒያዤን ሙከራ አነበብኩ፤ ፈሳሽን ከሰፊ ዕቃ ወደ ጠባብና ረዥም ዕቃ ብንገለብጠው ከ6 ወይም ከ7 ዓመት በታች ያሉት አብዛኞቹ ልጆች «በረዥሙ ያለው ይበልጣል» ይላሉ፤ የሚያዩት ከፍታውን ብቻ ስለሆነ ነው። ያን ማታ ሁለት ተመሳሳይ ብርጭቆ ገዝቼ ገባሁ፤ ጠቡም በዚያው አበቃ። ልጁ ስስታም አልነበረም፤ ያየውን ነበር የሚናገረው። ሳይጠጣ ያደረባቸው ሌሊቶች እስከ ዛሬ ይከነክኑኛል።

ጠያቂዋ፣ ምናልባት ልጅሽም ያየውን እየተናገረ ይሆናል፤ እናንተ ያልገባችሁ ከየት ሆኖ እንዳየው ሊሆን ይችላል።

ጡረተኛ መምህር (ደብረ ሲና)፣ መስከረም 17

የመሐል ሜዳው ወንድሜ የተናገረውን በደስታ አንብቤዋለሁ፤ ነገር ግን የፒያዤ ነገር በዚያ እንዳልቆመ ልጨምርበት፤ ከጠያቂዋ ጉዳይ ጋር በቀጥታ የሚገናኝ ነውና።

የስኮትላንዷ ማርጋሬት ዶናልድሰን እ.ኤ.አ. በ1978 ስለ ልጆች አእምሮ ባሳተመችው መጽሐፍ የፒያዤን ሙከራዎች መልሳ መረመረቻቸው። ከምትጠቅሳቸው ጥናቶች በአንዱ እኩል ቁጥር ያላቸው ሁለት የዕቃ ረድፎች በልጁ ፊት ይደረደራሉ፤ በተለመደው ሙከራ ጠያቂው ራሱ አንዱን ረድፍ ዘርግቶ ያረዝምና እኩል መሆናቸውን መልሶ ይጠይቃል፤ ብዙ ልጆችም ይሳሳታሉ። ረድፉን የሚያበላሸው አዋቂው ሳይሆን ረባሽ የተባለ የአሻንጉሊት ድብ ሲሆን ግን በትክክል የሚመልሱት ልጆች ቁጥር በእጅጉ ጨመረ። በሌሎች ተመራማሪዎች ሥራም ጥያቄው ሁለት ጊዜ መሆኑ ቀርቶ አንድ ጊዜ ብቻ ሲቀርብ የልጆቹ መልስ ተሻሽሎ ተገኝቷል። ትርጓሜው ቀላል ነው። አዋቂ አንድን ነገር ሁለት ጊዜ ከጠየቀ፣ ልጁ «የመጀመሪያው መልሴ ስህተት ነበር ማለት ነው፤ ሌላ ይፈልጋል» ብሎ ያስባል። ልጁ የሚያነበው ጥያቄውን ብቻ ሳይሆን የጠያቂውን ፊትም ጭምር ነው።

እመቤት፣ አሁን የጻፉትን መልሰው ያንብቡት። ልጁ መጀመሪያ «እዚያው ነበርኩ» ብሏል። አያቱ ያንኑ ጥያቄ በቁጣ ደገሙበት፤ ጥያቄውም «እዚያ ከነበርክ ማየት ነበረብህ» የሚል ፍርድ በውስጡ ይዟል። ልጁ ያንን ፍርድ የሚያሟላ መልስ ፈልጎ ሰጠ። በ38 ዓመት የማስተማር ሥራዬ በሰሌዳ ፊት አቁሜ «እርግጠኛ ነህ?» እያልኩ ትክክለኛ መልሱን ያስለወጥኩት ልጅ ስንት እንደሆነ እግዚአብሔር ይወቀው።

በአካባቢያችን ይህ ነገር እንዲበረታ የሚያደርግ ምክንያት አለ። ዶናልድ ሌቪን የተባለው አሜሪካዊ የማኅበረሰብ ጥናት ሊቅ በመንዝ ተቀምጦ ካጠና በኋላ እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተመው «ሰምና ወርቅ» በተሰኘው መጽሐፉ የመንዝን ገበሬ ኑሮ ሲገልጽ ስለ ልጆች አስተዳደግም ጽፏል፤ መታዘዝና ታላቅን ማክበር የአስተዳደጉ ምሰሶ እንደሆኑም ያሳያል። እኔ ራሴ ያደግሁት እንደዚያ ነው። ጨዋ ልጅ ሲባል እንግዳ ሲመጣ እግር የሚያጥብ፣ አዋቂ ሲናገር የማያቋርጥ፣ ካልጠየቁት የማይናገር ነበር። በዚህ ያገኘነውን መልካም ነገር አልክድም፤ በ6 ዓመቱ በግ የሚጠብቅ ልጅ ኃላፊነትን ከማንም መጽሐፍ በፊት ተምሯል። ማሪያ ሞንቴሶሪ እ.ኤ.አ. በ1907 ሮም ላይ የመጀመሪያዋን የሕፃናት ቤት ከፍታ ልጆች ውሃ እንዲቀዱ፣ እንዲጠርጉ፣ ገበታ እንዲያሰናዱ ማድረጓን ሳነብ ይህማ የእኛ ቤት ነው ብያለሁ። የጎደለን ሥራ መስጠት አይደለም። ሥራውን ሠርቶ ሲመለስ «ዛሬ ምን አየህ?» ብሎ መጠየቅና መልሱን እስከ መጨረሻው መስማት ነው። ለበጉ «ስንት ነው?» እንላለን፤ ለጠባቂው ግን ምንም አንለውም።

ይሁንና አባቶቻችን ልጅ የሚናገርበትን አንድ በር ክፍት ትተውለታል፤ እርሱም እንቆቅልሽ ነው። በእንቆቅልሽ ጊዜ ልጅ ጠያቂ፣ አዋቂ ተጠያቂ ይሆናል፤ አዋቂው ካቃተው አገር ይሰጣል፤ ልጁም አገሩን ተረክቦ መልሱን ይነግረዋል። በዚያች ሰዓት የልጅ ቃል የሚከበርበት ሥርዓት ነው። ለእርስዎ የምመክረው መጽሐፍ ከመፈለግዎ በፊት እርሱን እንዲጀምሩ ነው፤ ስለ ግልገሏ ግን አንድም ጊዜ አይጠይቁት።

አባት ከሸዋ ሮቢት፣ መስከረም 18

ሁላችሁንም በአክብሮት አነበብኩ፤ ሆኖም ያልተስማማሁበት ነገር አለ። የጠቀሳችኋቸው ሁሉ የውጭ ሰዎች ናቸው። እኛ ተቆጥተውን፣ አንዳንዴም ተገርፈን አድገን ለወግ ለማዕረግ በቅተናል። «ሳይቆጡት ያደገ ልጅ ሲቆጡት ያለቅሳል» የተባለው ያለ ነገር አይደለም። ዛሬ በከተማችን ልጅ አባቱን ቀና ብሎ እያየ ይመልሳል፤ ስልኩን ሲቀሙት ዕቃ ይሰብራል። እኔ የ13 ዓመት ልጄን ከሽንኩርት ማሳ ጥበቃ አቋርጦ ኳስ ሊያይ በሄደ ጊዜ ቀጥቼዋለሁ፤ ዳግመኛም አልሄደም። የአያትየው ሥራ እንደ ጥፋት መታየቱ ቅር አሰኝቶኛል። ሽማግሌው የገረፉት ግልገሏ ስለጠፋች አይደለም፤ ልጁ እውነተኛ እንዲሆን ስለፈለጉ ነው። ከእናንተ መጻሕፍት መካከል ክብርን ሳያፈርስ እንዴት እንደሚታረም የሚያስተምር ካለ እርሱን ጠቁሙኝ፤ አነባለሁ።

የሥነ ልቦና ምሩቅ (አንኮበር)፣ መስከረም 19

ጋሼ፣ ጥያቄዎ ተገቢ ነው፤ ለመልሱም የሚረዳ ጥናት አለ። ዳያና ባውምሪንድ የተባለች ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በካሊፎርኒያ የወላጆችን አያያዝ አጥንታ በ3 ከፈለችው። የሁለቱ የእንግሊዝኛ ስም በጣም ስለሚመሳሰል በአማርኛ ትርጉሞች ሲቀላቀሉ አይቻለሁ፤ ስለዚህ እኔ በራሴ ቃል ልጥራቸው። አንደኛው አዛዥ ብቻ የሆነ ወላጅ ነው፤ ሕጉ ጥብቅ ነው፣ ምክንያቱን ግን አይናገርም። ሁለተኛው ለቃቂ ነው፤ ይወዳል፣ ነገር ግን ወሰን አያበጅም። ሦስተኛው አዛዥም አድማጭም ነው፤ ሕጉ እንደ መጀመሪያው የጸና ሆኖ ምክንያቱን ይናገራል፣ የልጁንም ቃል ይሰማል፣ ውሳኔውን ግን ራሱ ይወስናል። ባውምሪንድ የተሻለ ያለችው ይህን ሦስተኛውን ነው። ብዙ ሰው መቆጣትን ያቆመ ወላጅ ለቃቂ የሚሆን ይመስለዋል፤ እርስዎም የፈሩት እርሱን ነው፤ በከተማ የሚያዩት ስልክ የተቀማ ጊዜ ዕቃ የሚሰብር ልጅም ብዙ ጊዜ የዚያ ፍሬ ነው። ስለዚህ ልጅዎን ወደ ማሳው መመለስዎ ትክክል ነው፤ ጥያቄው ማሳውን ለምን እንደለቀቀና የእርስዎ ጭንቀት ምን እንደነበር ሁለታችሁም ተነጋግራችኋል ወይ የሚለው ነው።

ዱላን በተመለከተ የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤትና በማሳደጊያ ተቋማት ከአካል ቅጣት ነጻ የመሆን መብት እንዳላቸው ደንግጓል። ቤትን በቀጥታ አይጠቅስም። ነገር ግን ከሕጉ ይልቅ የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው። ዱላ ድርጊትን ያስቆማል፤ እውነት መናገርን ግን ማስተማር አይችልም። የተገረፈ ልጅ የሚማረው በሚቀጥለው ጊዜ የትኛው መልስ ከዱላ እንደሚያድነው ነው። ጠያቂዋ በየጊዜው የተለያየ ታሪክ የምትሰማውም ለዚህ ይመስለኛል። ልጁ ገና ትክክለኛውን መልስ እየፈለገላት ነው።

«የውጭ ሰዎች» ላሉት ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። ስለ እናትና ልጅ ትስስር በዓለም ሁሉ ከሚጠቀሱት ጥናቶች አንዱ የተጀመረው በአፍሪካ ነው። ሜሪ ኤይንስዎርዝ እ.ኤ.አ. በ1954 እና በ1955 በዩጋንዳ፣ በካምፓላ አቅራቢያ ባሉ መንደሮች ከቤት ቤት እየሄደች እናቶችና ሕፃናት አብረው ሲኖሩ ተመለከተች፤ መጽሐፉ በ1967 ወጣ። ካገኘቻቸው ነገሮች አንዱ ከልቤ አይወጣም፤ ስለ ልጃቸው ሲጠየቁ ጥቃቅኑን ሳይቀር አስተውለው በዝርዝር የሚናገሩ እናቶች ልጆች በእናታቸው ላይ ያላቸው መተማመን የጸና ነበር። እነዚህ መጽሐፍ ያላነበቡ የገጠር እናቶች ናቸው፤ ልጃቸውን ግን አንብበውታል።

አዲስ እናት (አረርቲ)፣ መስከረም 20

ልጄ ገና 10 ወሯ ነው። ስታለቅስ ስልክ ላይ ሥዕል መክፈት ጉዳት አለው ወይ? ለዚህ ዕድሜስ መጽሐፍ የሚባል ነገር አለ?

የአጸደ ሕፃናት መምህርት (ደብረ ብርሃን)፣ መስከረም 21

ለአረርቲዋ እኅቴ፤ የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ ለ1 ዓመት ልጅና ከዚያ በታች ላሉ ስክሪን ፈጽሞ አይመከርም፤ ከ2 እስከ 4 ዓመት ላሉት ደግሞ በቀን ከ1 ሰዓት እንዳይበልጥ ይላል። ለልጅሽ የሚያስፈልጋት መጽሐፍ ያንቺ ፊት ነው። ስታጉተመትም መልሺላት፤ ወደምታየው ነገር አብረሽ እዪና ስሙን ንገሪያት። እሹሩሩም ይህንኑ ነው የሚሠራው።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ፣ ማለትም ከልጅ ጋር ስለሚነበቡ መጻሕፍት ልመለስ። የሐዲስ ዓለማየሁ «ተረት ተረት የመሠረት» በ1948 ዓ.ም. የታተመ የአገራችን ተረቶች ስብስብ ነው፤ ከአሮጌ መጻሕፍት ሻጮች ዘንድ ሊገኝ ይችላል። አባባ ተስፋዬም ከ40 ዓመት በላይ በቴሌቪዥን «የዛሬ አበባዎች፣ የነገ ፍሬዎች» እያሉ የተረኩልንን ተረቶች በመጽሐፍ አሳትመውልን አልፈዋል። ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ፣ አዲስ አበባ ሾላ ላይ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት የከፈተውና በሐዋሳ በአህያ የሚጎተት ተንቀሳቃሽ ቤተ መጻሕፍት ያስጀመረው፣ የቂሎ ማሞን ተረት በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጎን ለጎን አዘጋጅቶ አሳትሟል፤ ለ8 ዓመት ልጅ ይስማማል።

ነገር ግን ከመጽሐፉ ምርጫ ይልቅ አነባበቡ ላይ አተኩሩ። እ.ኤ.አ. በ1988 ግሮቨር ዋይትኸርስትና ባልደረቦቹ ለወላጆች አንድ ቀላል ነገር አሠለጠኑ፤ አንብቦ ከመጨረስ ይልቅ እየቆሙ «ምን ሆነ? አንተ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር?» እያሉ መጠየቅ፣ ልጁ የመለሰውን ጥቂት አስፍቶ መልሶ መናገር። በአንድ ወር ውስጥ የልጆቹ የንግግር ችሎታ ሳይቆሙ ከሚነበብላቸው ልጆች በልጦ ተገኘ። እዚህ ላይ ግን መምህር ከደብረ ሲና ያሉትን አትርሱ፤ ጥያቄው ልጁን የሚፈትን ከሆነ ፍርድ ይሆንበታል። እኔ ራሴ መልሱን የማላውቀውን ጥያቄ ብቻ ነው የምጠይቀው። «ጅቡ ለምን ዋሸ?» ስላቸው መልሱ በመጽሐፉ የለም፤ ልጆቹ ግን የሚናገሩት ነገር አላቸው።

በየቤታችሁ ፊደል አስቆጣሪ የሆናችሁም አንድ ነገር ልብ በሉ። 33ቱ ፊደላት በ7 ሲባዙ 231 ናቸው፤ ልጅ እነርሱን እየቆጠረ ሲደክም ማንበብ ማለት ቆጠራ ብቻ እንዳይመስለው፣ ቆጠራው ሲያልቅ አንድ ተረት ይነበብለት።

አባት ከሸዋ ሮቢት፣ መስከረም 22

ለተሰጠኝ መልስ አመሰግናለሁ። ትናንት ማታ ልጄን ስለ ማሳው ጉዳይ ጠየቅሁት። ከኳሱ ይልቅ ጓደኞቹ «ገበሬው» እያሉ ስለሚስቁበት መሄዱን ነገረኝ። ይህን አላውቅም ነበር።

የሁለት ልጆች እናት (ደብረ ብርሃን)፣ ጥቅምት 12

ዘግይቼ በመመለሴ ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ የምነግራችሁ ነገር እስኪኖረኝ መጠበቅ ስለነበረብኝ ነው።

የፌበርንና የማዝሊሽን መጽሐፍ በአንዲት ዘመዴ በኩል አግኝቼ እስከ እኩሌታው አንብቤዋለሁ። መምህር፣ እርስዎ ባሉኝ መሠረትም ለሦስት ሳምንት ያህል ስለ ግልገሏ ቃል አልተነፈስኩም። ይልቁንም ከራት በኋላ ፍሙ ዙሪያ ተቀምጠን እንቆቅልሽ ጀመርን። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ልጁ ከትምህርት ቤት የሰማቸውን ብቻ ይጠይቀኝ ነበር፤ ታናሽ እኅቱ መልሱን ቀድማ ስትነግረኝም ይቆጣል። በሁለተኛው ሳምንት የራሱን መሥራት ጀመረ። ባለፈው ሐሙስ ማታ እንዲህ አለኝ።

«እንቆቅልህ።»

«ምን አውቅልህ።»

«በጎቹን ሁሉ ይውጣል፤ አንዱንም አይበላም።»

ጅብ ብዬ፣ ጎርፍ ብዬ፣ በረት ብዬ አልሆነም። አገር ስጪኝ አለኝ፤ ደብረ ሲናን ሰጠሁት። አገሩን ተረክቦ ጥቂት ዝም ካለ በኋላ «ጉም ነው» አለኝ። ክረምት ላይ በመንዝ ጉም ሲወርድ ምን እንደሚመስል የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ የራሳችሁን እግር እንኳ አታዩም። አንድም ነገር አልጠየቅሁትም፤ «ደንግጠህ ነበር» ብቻ አልኩት። ከዚያ ሁሉንም ነገረኝ። ከበጎቹ መካከል ቆሞ ነበር፤ ጉሙ ሲመጣ እያንዳንዷን በድምፅዋ ለመለየት ይሞክር ነበር፤ ሲገለጥ ግልገሏ የለችም። «እዚያው ነበርኩ» ያለው እውነቱን ነው። አያቱ «እዚያ ከነበርክ ታያት ነበር» ሲሉት ደግሞ ያላየ ሰው እዚያ አልነበረም ማለት እንደሆነ አስቦ «አልነበርኩም» አለ። ውሃ ልጠጣ ሄጄ ያለው፣ የት ሄድክ መባሉ እንደማይቀር ስላወቀ ነው።

በማግሥቱ ለአባቴ ደወልኩ። ነገሩን ሁሉ ሰምተው ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ፤ ከዚያ «ያን ዕለትማ ጉም ነበረ፤ እኔም ከቤት መውጣት አቅቶኝ ነበር፤ ልጁ ግን ጉም አላለኝም» አሉ። «አባባ፣ እርስዎም አልጠየቁትም» አልኳቸው። እንዲህ ብዬ ተናግሬያቸው አላውቅም፤ ድምፄ ተንቀጠቀጠ። እርሳቸው ግን አልተቆጡም።

ቅዳሜ ለገበያ ደብረ ብርሃን መጡና ከእኛ ዘንድ አደሩ። ይቅርታ የሚል ቃል ከአፋቸው አልወጣም፤ እኔም አልጠበቅሁም። ማታ ግን ልጁ በሩቁ ተቀምጦ ሳለ እርሳቸው ራሳቸው ወደ እርሱ ዞረው «እንቆቅልህ» አሉት። ልጁ እኔን አየኝ፤ ከዚያ አያቱን አየ፤ ቆይቶ «ምን አውቅልህ» አለ። እስከ ሌሊቱ 4 ሰዓት ድረስ ሲጠያየቁ አመሹ፤ ልጁም የጉሙን እንቆቅልሽ ጠየቃቸው። መልሱን እያወቁት አገር ሰጡት፤ መንዝን።

የሐዲስ ዓለማየሁን መጽሐፍ ገና አላገኘሁትም። እስከዚያው ልጁ የአያቱን ተረቶች በደብተር እየጻፈ ነው። ፊደሉን ገና በሚገባ ስላልለየ ሀውንና ሐውን ያምታታል፤ እኔም እንዳይሰለች አላርመውም። እስካሁን 4 ተረቶች ጽፏል፤ አምስተኛውን አያቱ ለገና ስመጣ እነግርሃለሁ ብለውታል።